የ5 ፈ ስንት ነው?

በዚህ ሳምንት የመጣልኝ ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ትውልዴ ግን መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ። ዕድሜዬ 31 ነው። ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ማታ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። ከስምንተኛ አቋርጬ ከ14 ዓመት በኋላ ነው የተመለስኩት። ዘጠነኛን እንደምንም አለፍኩ። ሰሞኑን መምህሩ ኤፍ፣ ቅንፍ ውስጥ ኤክስ፣ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ብለው ጻፉ። ቀጥለው ኤክሱን በአምስት ቀይረው ‹ስንት ነው?› ብለው እኔን ጠየቁኝ። ‹አምስት ኤፍ› አልኩ። ቅንፍ ማባዛት ነው ተብለን አይደል የተማርነው? ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘብኝ። አንዱማ፣ ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ልጅ፣ ‹እትዬ፣ ኤፉን በስንት ገዙት?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላወጣሁም። የባሰው ደግሞ ቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሲደመር አንድ ሲገባ ነው፤ ውጤቱ ላይ አንድ እየጨመርኩ እሠራዋለሁ፣ ሁሌም ኤክስ ይደረግብኛል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለቤቴ ‹ለደመወዝሽ ምን ይጨምርልሻል?› ይላል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ም. ነኝ።»

እህቴ ም.፣ መጀመሪያ ስለ ሳቁ። «አምስት ኤፍ» ያልሽው ስላልገባሽ አይደለም። የተማርሽውን በትክክል ስለያዝሽ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ 3(5) ማለት 15 ነው ተብለሻል። ስምንተኛ ላይ ፊደል ከቅንፍ ፊት ሲቆም አባዢ ተብለሻል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ምንም ሳይልሽ፣ ያው ቅንፍ ሌላ ሥራ ያዘ። ጥፋቱ አንድን ምልክት ለሁለት ሥራ ያሰማሩት የሒሳብ ሰዎች ነው። ያ የሳቀብሽ ልጅ ራሱ ለምን ማባዛት እንዳልሆነ ብትጠይቂው የሚመልስልሽ አይመስለኝም። ሸምድዶት ነው።

እኔም ሸምድጄ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። አንድ ዓመት ሙሉ «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» እያልኩ ሳነበንብ «ኦፍ» ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም። የጊዜው መምህራችን ደግሞ ሲጠየቁ የሚቆጡ ዓይነት ነበሩ። «ኦፍ» ማለት «የ» ማለት እንደሆነና ቁልፉም እዚያ ላይ እንዳለ የገባኝ ራሴ ማስተማር ስጀምር ነው። ጉድ ነው መቼም፤ ተማሪዎቼ እንዳይጠይቁኝ እየፈራሁ ነበር የተማርኩት።

አሁን ወደ ሥራው። ደብተርሽ ላይ ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ናቸው። እኔ እዚህ ኤፍን «ፈ»፣ ኤክስን «ሀ» እያልኩ እጽፋለሁ። እንዲህ፦

ፈ(ሀ) = 2ሀ + 3

ፊደል በመቀየሬ ሒሳቡ ንቅንቅ እንዳላለ ልብ በይ። ኤፍም ፈም ስም ናቸው፤ ሌላ ምንም አይደሉም።

ቅንፉ ሲያባዛና ሳያባዛ በምን ይለያል? አማርኛችን ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ተሸክሞታል። «ዳቦ አለ» ብዬ ብጽፍልሽ፣ ለ-ን አጥብቀሽ ካነበብሽው ቤት ውስጥ ዳቦ አለ ማለት ነው። አላልተሽ ካነበብሽው ደግሞ አንድ ሰው «ዳቦ» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ግን በሕይወትሽ ስንቴ ተሳስተሽበታል? ከፊት ከኋላ ያለውን እያየሽ ታነቢዋለሽ። እዚህም እንደዚያው ነው። ጥያቄው ላይ ፈ ቀድሞ «ፈ(ሀ) = ይህ ይሁን» ተብሎ ከተዋወቀሽ፣ ፈ የሥራ ስም ነው፤ አይባዛም። ፈ አንድ ቁጥር ነው ተብሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ፈ = 7 ቢሆን» ካለሽ፣ ያኔ ያባዛል። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ከላይ ያለውን መስመር አንብቢ። ብዙ ተማሪ ዘሎ የሚያልፈው እሱን ነው።

ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። የፋብሪካ መታወቂያሽን አውጪ። ስምሽ፣ ያባትሽ ስም፣ ያያትሽ ስም ተጽፎበታል። ምሳሌውን አልማዝ ታደሰ ወልዴ በምትባል ሴት ላድርገው። «የአልማዝ አባት ማነው?» ብልሽ «ታደሰ» ትያለሽ። ይህንኑ በሒሳብ አጻጻፍ ብጽፈው፦

አባት(አልማዝ) = ታደሰ

አየሽ? «አባት» የሚለው ቃል ብቻውን ሰው አይደለም። መንገዱን ነው የሚነግርሽ፦ «ሰው ስጪኝ፣ የወለደውን ልንገርሽ።» ቅንፉ ውስጥ አልማዝን ስታስቀምጪለት ነው አንድ ሰው የሚወጣው። ፈም እንዲሁ ነው። ፈ ብቻውን ቁጥር አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ፈ(5) ግን ቁጥር ነው። «አምስት ፈ» ማለት ያልሆነልሽ ለዚህ ነው። አባትን በአልማዝ እንደማባዛት ይሆናል።

ቋንቋው ላይ አንዲት መገለባበጥ አለች። በአማርኛ «የአልማዝ አባት» ስንል አልማዝ ትቀድማለች። በሒሳብ አጻጻፍ ግን አባት ይቀድምና አልማዝ ቅንፍ ውስጥ ትከተላለች። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚመቻቸው እነሱም እንደዚያ ስለሚናገሩ ነው። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ፈ(5) ስታዪ፣ በልብሽ ከኋላ ወደፊት አንብቢው፦ «የ5 ፈ ስንት ነው?» መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ይልሻል። ለሁለት ቀን ብቻ እንደዚህ አንብቢው። ማባዛት የሚባለው ሐሳብ ራሱ ይጠፋል፤ «የአልማዝ አባት» ሲባል ማባዛት የሚታየው ሰው የለማ።

እንደ ፈ ያለው ሥርዓት በእንግሊዝኛው ፈንክሽን ይባላል። መምህርሽ ፈንክሽን ለመባል አንድ ነገር ሲገባ የሚወጣው አንድ ብቻ መሆን አለበት ብለዋል፣ ወይም በቅርቡ ይላሉ። እሱም ከቤተሰብ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ሰው የወለደው አባት አንድ ነው። አልማዝና ወንድሟ አንድ አባት ቢጋሩ ችግር የለውም፤ ሁለት ገብቶ አንድ ይወጣል። ግን «ልጅ(ታደሰ)» ብትዪ ታደሰ አምስት ልጅ አለው። የትኛውን ልበል? እዚህ ላይ ፈንክሽንነቱ ይቀራል። «አባት(ድንጋይ)» ደግሞ ወሬም አይደል። ድንጋይ አባት የለውም። ቅንፍ ውስጥ መግባት የሚፈቀድላቸው ሁሉ ስብስብ በእንግሊዝኛው ዶሜን ይባላል። የአባት ዶሜን ሰው ነው፣ ድንጋይ የለበትም። ለፈንክሽን «አስረካቢ» የሚል የአማርኛ ስም ያወጡለት አሉ፤ የሰጠሽውን ተቀብሎ ሌላ ያስረክባል ነው ነገሩ። ቃሉን እወደዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ ግን ብዙ አልሰማውም።

መጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ ሣጥን የመሰለ ማሽን ይስላሉ። በአንድ ጎን ቁጥር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ክፋት የለውም። እኔ ግን ማሽን ቤታችሁ የለም፣ አባት አለ ባይ ነኝ።

እሺ፣ አሁን ስሌቱ። 2ሀ + 3 ውስጥ ያለው ሀ ምንድን ነው? ቁጥር አይደለም፤ ሊቀመጥበት የተተወ ባዶ ወንበር ነው። እንዲያውም ፊደሉን አጥፊውና ባዶ ቦታ ተዪለት፦

ፈ( ) = 2( ) + 3

ይህን በእርሳስ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ከቅንፎቹ መሐል ሰፋ ያለ ክፍተት ተዪ። ጥያቄው ፈ(5) ካለ ሁለቱም ክፍተት ውስጥ 5 ጻፊ። ፈ(5) = 2(5) + 3፣ ማለትም 13። ፈ(0) ካለ ሁለቱም ውስጥ 0። መልሱ 3 ነው። ፈ(−4) ካለ ሁለቱም ውስጥ −4፣ ከነምልክቱ። 2(−4) + 3 = −8 + 3 = −5። በቀኝ በኩል 2 ከቅንፍ ጋር ሲነካካ ማባዛት ነው፣ ምክንያቱም 2 ቁጥር ነው። በግራ በኩል ያለው ግን ፈ ነው፣ ስም ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለቱም ዓይነት ቅንፍ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ክፍሉ ይሳቅ!

ስላስቸገረሽ ስለ ፈ(ሀ + 1) እንነጋገር፤ የደብዳቤሽ ዋና ሕመም እሱ ነው። ወፍጮ ቤት እንሂድ። ለበሶ የተቆላ ገብስ ይዘሻል። ወፍጮ ቤቱ ለአንድ ኪሎ 2 ብር ያስከፍላል፣ ለማራገፊያ ደግሞ፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ 3 ብር። (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለስሌት እንዲመቸን ነው።) ሀ ኪሎ ይዘሽ ብትሄጂ የምትከፍዪው 2ሀ + 3 ነው። ያው የኛ ፈ።

ሁለት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል እንበል። ሁለቱም 5 ኪሎ ይዘዋል። የመጀመሪያዋ ሚዛን ላይ ሳትወጣ አንድ ኪሎ ጨመረች። ስድስት ኪሎ ተመዘነላት። ከፈለች፦ 2(6) + 3 = 15። ሁለተኛዋ 5 ኪሎዋን አስፈጭታ 13 ብር ከፈለችና ስትወጣ ለዘበኛው 1 ብር ጣል አደረገችለት። ወጪዋ 14። የመጀመሪያዋ ፈ(5 + 1) ናት። ሁለተኛዋ ፈ(5) + 1። አንዲቱ ከመፈጨቱ በፊት ገብስ ጨመረች፣ ሌላይቱ ከተፈጨ በኋላ ብር ጨመረች። ልዩነቱ ይኼው ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለው ገና ወፍጮ ያልገባ ነው። ከቅንፍ ውጭ ያለው ከወፍጮ የወጣ ነው።

በፊደል ስትሠሪውም ባዶ ወንበሩ አይቀየርም። ክፍተቱ ውስጥ «ሀ + 1» የሚለውን በሙሉ፣ ሳትቆርጪ፣ አስገቢ፦

ፈ(ሀ + 1) = 2(ሀ + 1) + 3 = 2ሀ + 2 + 3 = 2ሀ + 5

አንቺ ስትሠሪው የነበረው ፈ(ሀ) + 1 = 2ሀ + 3 + 1 = 2ሀ + 4 ነው። በአንድ ብር ተለያዩ። ትክክል መሆንሽን ለማረጋገጥ ሀ በሚለው ቦታ 5 አስገቢ። 2(5) + 5 = 15። የመጀመሪያዋ ሴትዮ የከፈለችው አይደል? ፈተና ላይም እንደዚህ ነው የምትፈትሺው። ቀላል ቁጥር አስገብተሽ በሁለቱም መንገድ ታወጪዋለሽ። ካልተገናኘልሽ አንዱ ቦታ ተሳስተሻል።

ሁለተኛው ወጥመድ መቀነሻ ነው። ይህንን ለማንም አላልፍለትም፣ ቀለሜ የሚባሉትም ይወድቁበታል። እንዲህ የሚል ይመጣል፦

ገ(ሀ) = ሀ² − ሀ

ስሙ ከፈ ወደ ገ ተቀየረ፤ ሁለት ሥርዓት አንድ ላይ ሲመጣ ለመለየት ነው፣ አትደንግጪ። ገ(−3) ስንት ነው? ክፍተቶቹን ሥሪ፦ ( )² − ( )። ሁለቱም ውስጥ −3። ስለዚህ (−3)² − (−3)። (−3)² ማለት −3 ሲባዛ በ−3 ነው፣ 9 ይሆናል። መቀነስ ሲቀነስ ደግሞ መደመር ነው። 9 + 3 = 12። ቅንፉን ንቆ የሚሠራው ሰው «−3² − 3» ይጽፍና −12 ያወጣል። ግማሹ ደግሞ 9 − 3 ብሎ 6 ያገኛል። እውቀት ጎድሏቸው አይደለም። ቅንፉን ለመጻፍ ሰንፈው ነው። አንቺ ቅንፉን አትጣይ፣ ቀለም አያልቅብሽም።

ሦስተኛው፣ ፈተና ላይ ሁልጊዜ የሚመጣው፣ ከኋላ ወደፊት የሚጠይቀው ነው። «ፈ(13) ስንት ነው?» እና «ፈ(ሀ) = 13 ከሆነ ሀ ስንት ነው?» መንታ ይመስላሉ፤ ግን አይተዋወቁም። የመጀመሪያው «13 ኪሎ ብወስድ ስንት እከፍላለሁ?» ነው። 2(13) + 3 = 29 ብር። ሁለተኛው «13 ብር ከፍያለሁ፣ ስንት ኪሎ ኖሯል?» ነው። 2ሀ + 3 = 13፣ ሦስቱን ቀንሺ፣ 2ሀ = 10፣ ሀ = 5 ኪሎ። 13ቱ የት እንደተቀመጠ እዪ። ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ገብስ ነው። ከእኩል ምልክት ማዶ ከሆነ ብር ነው።

ይህን ከያዝሽ ግራፉም አይከብድሽም። ፈ(5) = 13 ማለት በአግድሙ 5 ላይ፣ በቁሙ 13 ላይ ነጥብ አድርጊ ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልቅደምሽ። «ለምንድን ነው ዝም ብለው ሁለት ሀ ሲደመር ሦስት የማይሉን? ስም ምን ያስፈልገዋል?» ብለሽ አስበሽ ይሆናል፤ እኔ አስቤ ነበር። ይህን አጻጻፍ ያመጣው ስዊዘርላንድ ባዝል የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ነው፣ በ1734 እ.ኤ.አ.። ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ የነገሡበት ጊዜ መሆኑ ነው። «ፈንክሽን» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ በፊት በሌላው የሒሳብ ሊቅ በላይብኒትዝ በኩል ገብቶ ነበር። ኤፏም የዚያው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት። ኦይለር ስም የፈለገበት ምክንያት አንቺ ስም ከምትፈልጊበት ምክንያት አይለይም። ስም ከሌለሽ «ያቺ፣ መሐል ሜዳ የተወለደችው፣ ማታ የምትማረው፣ ፋብሪካ የምትሠራው» እያሉ ሊጠሩሽ ነው። 2ሀ + 3 አጭር ነው፣ ችግር የለም። ግማሽ ገጽ የሚሆን ሥርዓት ሲመጣስ? ፈ ብለሽ አንዴ ትሰይሚዋለሽ፣ ከዚያ ፈ(5)፣ ፈ(100) እያልሽ ስትጠሪው ትኖሪያለሽ።

ስሙንም እንዳሻሽ ነው። ሀገራችንን ላምጣልሽ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተሽ ጣርማበርን አልፈሽ፣ ዋሻውን ወጥተሽ፣ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ምን ትሠሪያለሽ? መጀመሪያ ጋቢሽን ትጥያለሽ፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ሮቢት ስትደርሺ ማንጎ ሻጮቹ አጠገብ ጥላ ትፈልጊያለሽ። አየር ሽቅብ በወጣሽ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ይህን በስም እንጻፈው። ሙቀትን ሙ፣ ከፍታን ከ እንበላቸው፣ ከፍታው በሺሕ ሜትር ይቆጠር፦

ሙ(ከ) = 31 − 6.5ከ

31ን እኔ ነኝ ለግምት እንዲያህል ያስቀመጥኩት፤ ሜትሮሎጂ እንዳይጠይቀኝ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙ(2.8) = 31 − 18.2 = 12.8 ዲግሪ። ሸዋ ሮቢት 1300 ገደማ። ሙ(1.3) = 31 − 8.45 = 22.55። ለማታ ትምህርት ስትወጪ ጥርስሽ የሚንቀጫቀጭበትን ምክንያት ሙ ነገረሽ። እዚህ ላይ ፈ ብዬ ብጽፈውም ያው ነበር፣ ግን ሙ ስል ስለ ሙቀት እንደማወራ ወዲያው ታስታውሺያለሽ። ፊዚክስ ላይ እንደዚህ ዓይነት ስሞች ብዙ ይመጡብሻል። ኤፍ ባለመሆናቸው አትደናገጪ። ቅንፍ ውስጥ ማን እንደሚገባ ብቻ ጠይቂ። ደግሞ ሙ(400) ብለሽ 400 ሺሕ ሜትር ላይ ብትወጪ ቀመሩ አንድ የማይረባ ቁጥር ይሰጥሻል እንጂ አያስቆምሽም። የሚያስቆምሽ ዶሜን የሚሉት ነገር ነው፤ ጥቅሙም ይህ ነው። ወፍጮውም −4 ኪሎ ገብስ አይቀበልም፤ ቅድም ፈ(−4)ን የሠራነው ወፍጮውን ረስተን ቁጥሩን ብቻ ይዘን ነው።

ወደ መታወቂያሽ ልመልስሽ፤ አንድ የቀረኝ አለ። ያያትሽን ስም እንዴት አገኘሽው? ያባትሽ አባት ነው። ለአልማዝ፦

አባት(አባት(አልማዝ)) = አባት(ታደሰ) = ወልዴ

ከውስጥ ትጀምሪያለሽ። መጀመሪያ የአልማዝ አባት፣ ከዚያ የእሱ አባት። በፈም ይኼው ነው። ፈ(ፈ(1)) ካለሽ፣ የውስጡን አስቀድሚ፦ ፈ(1) = 5። ከዚያ ፈ(5) = 13። በቃ። ይህ ርዕስ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፣ ከፍ ካለ ክፍል ላይ ያገኝሻል። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግን ስሙን ከነአያት በሞላ ቁጥር ይሠራዋል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሦስት ቃል ያዢ። «ኢቫልዌት» ካለሽ ቁጥሩን ተክተሽ አስሊ ማለት ነው። «ጊቭን» ካለ ይህን ሰጥቼሻለሁ፣ ተዋወቂው ማለት ነው፤ ቅድም አንብቢ ያልኩሽ የላይኛው መስመር እሱ ነው። «ሰብስቲትዩት» ተኪ ማለት ነው። ብዙ የማታ ተማሪ ሒሳቡ ሳይሆን እነዚህ ቃላት ናቸው የሚጥሉት። ሲገባን አማርኛ፣ ስንፈተን እንግሊዝኛ ነው፤ ምን ይደረግ።

ሦስት ሳምንት ይበቃሻል። በቀን አምስት ጥያቄ፣ ከአምስት በላይ አትሥሪ። ደክሞሽ የሠራሽው አይቀመጥም። ሁለቱ ቁጥር የሚገባባቸው ይሁኑ፣ አንዱ መቀነሻ ያለው፣ አንዱ «ሀ + 1» ዓይነት፣ አንዱ ከኋላ ወደፊት። ለሻይ ዕረፍት ስትወጪ በካርቶን ቁራጭ ላይ ክፍተቱን ስለሽ መሙላት ትችያለሽ። ልጅ ካለሽ ደግሞ ጮክ ብለሽ አስረጂው። አንዴ ላልገባው ሰው ያስረዳሽው ነገር ፈተና ላይ አይከዳሽም።

ለመምህሩም አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ጠጋ ብለሽ፣ «መምህር፣ ቅንፉ ማባዛት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ስም መሆኑ ገባኝ። ይህንን ያዩልኛል?» በያቸውና የሠራሽውን አሳዪያቸው። እንደኔ መምህር የሚቆጡ ከሆኑ ደግሞ ለኔ ላኪልኝ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ለደመወዝሽ ምን እንደሚጨምር እኔ አላውቅም። ፋብሪካሽን አላውቀውማ። ግን ሦስት ሳምንት ቀርቶሽ፣ ዘጠነኛን አልፈሽ፣ በዚያ ብርድ ማታ ማታ ተመላልሰሽ አሁን ብትተዪው እኔም አብሬሽ እናደዳለሁ። እሱንም ማታ አስቀምጪውና በወፍጮ ቤቷ ምሳሌ ሞክሪው። «5 ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ ብጨምር ስንት ይመጣል?» በይው። 14 ካለሽ፣ አንቺ ስትሳሳቺ የኖርሽውን ነው የተሳሳተው። እንዳትስቂበት።

የቤት ሥራ ልስጥሽ። ፈ(ሀ) = 2ሀ + 3፣ ገ(ሀ) = ሀ² − ሀ እንዳሉ ናቸው። አንደኛ፣ ፈ(ፈ(0))ን አውጪ። ሁለተኛ፣ ገ(−1)ን አውጪ፣ ቅንፉን ሳትጥዪ። ሦስተኛ፣ ገ(ሀ + 1)ን ክፈቺና ሀ ቦታ 2 አስገብተሽ ፈትሺው፤ ገ(3) ከሚሰጥሽ ጋር መገናኘት አለበት። መልሶቹን አልነግርሽም። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ላኪያቸው፣ «ፈን በስንት ገዙት» ያለሽ ልጅ ሦስተኛውን ስንት እንዳለም ጽፈሽልኝ።